ፋይሉ ተቀምጦ ሰውየው ይመላለሳል፦ የጉዳት ጡረታ አገልግሎት በደሴ

ታናሽ ወንድሜ በሰሜኑ ጦርነት፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቶ በሕክምና ቦርድ ውሳኔ ከሠራዊቱ የተሰናበተ አሥር አለቃ ነው። ለጉዳቱ በሕግ የተፈቀደለትን ክፍያ ለማስከበር ከአምባሰል ደሴ፣ ሲብስም ከደሴ አዲስ አበባ፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አብሬው ተመላልሻለሁ። እኔ በመምህርነት የምተዳደር ሰው ስሆን ቤተሰቡ «ወረቀት ያውቃል» ብሎ ስለሚያምነኝ ማመልከቻ የጻፍኩትም፣ ፋይል የተሸከምኩትም፣ ከየመስኮቱ ሥር የቆምኩትም እኔ ነኝ። ከዚህ በታች የማቀርበው በዚያ ጊዜ ያየሁትን አገልግሎት የሚመለከት ግምገማ ነው። የመሥሪያ ቤቶቹንና የሠራተኞቹን ማንነት ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ ቅሬታዬ ከአሠራሩ ጋር እንጂ ወንበር ላይ ካገኘሁት ሰው ጋር አይደለም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሕጉ ጠባብ ነው፤ ሠራተኞቹ በአብዛኛው ክፉዎች አይደሉም፤ አሠራሩ ግን መንግሥት ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ማኅተም አድርጎ፣ በራሱ መዝገብ ቤት ያስቀመጠውን ማስረጃ እግር የሌለው ሰው እየተሸከመ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እንዲያደርስለት የሚያስገድድ ነው። የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ሲሆን በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቷል። ወታደሩም ፖሊሱም እንደ እኔ ያለው መምህርም በዚያው አዋጅ ጥላ ሥር ነበሩ። ሁላችንም ከደመወዛችን 7 በመቶ እናዋጣለን፤ መንግሥት ግን ለሲቪሉ 11 በመቶ ሲጨምር ለወታደሩ 25 በመቶ እንዲጨምር ተደንግጓል። ይህን ልዩነት ሳነብ መንግሥት የውትድርናን አደጋ አስቀድሞ አውቆ ሒሳቡን የያዘ መስሎኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። የጉዳቱ ክፍያ ስሌት ላይ ስደርስ ግን ለወታደሩም ለመዝገብ ቤት ሠራተኛውም ቀመሩ አንድ ሆኖ አገኘሁት።

አዋጁ በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሰው ሁለት በር ይከፍታል። ጉዳቱ ከ10 በመቶ የማያንስ ሆኖ ሰውየው ለዘለቄታው የመሥራት ችሎታውን ካጣ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ወር በፊት በነበረው ወር ይከፈለው ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶው ዕድሜውን ሙሉ በየወሩ ይከፈለዋል፤ ይህ የጉዳት ጡረታ አበል ነው። ጉዳቱ ከ10 በመቶ የማያንስ ሆኖ መሥራት የሚችል ከተባለ ግን፣ ያው 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ ውጤቱ ደግሞ በጉዳቱ መቶኛ ተባዝቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጠዋል፤ ይህኛው የጉዳት ዳረጎት ይባላል። የወንድሜን ደመወዝ አደባባይ ማውጣት ስለማልፈልግ ለስሌት እንዲመች 3,500 ብር ነበር እንበል። አርባ ሰባት በመቶው 1,645 ብር ነው። የሕክምና ቦርዱ መጀመሪያ በሰጠው 35 በመቶ ሲሰላ ዳረጎቱ 34,545 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በሌላኛው በር ቢገባ ኖሮ በ21 ወር ውስጥ ያገኘው የነበረው ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በሕይወት እስካለ ድረስ በየወሩ መቀበሉን ይቀጥል ነበር። ወንድሜ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚንጠለጠለው «መሥራት ይችላል» በሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው። በቦርዱ ወረቀት ላይ የተጻፈው «ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል» የሚል ነበር። ያነበበልን ሐኪም በትሕትና አስረድቶናል፤ በአነጋገሩም ቅር አልተሰኘሁም። ነገር ግን አምባሰልን የሚያውቅ ሰው እስቲ ቀላሉን ሥራ ያሳየኝ። ማሳው ገደል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከእርፍ ኋላ የሚሄድ ሰው በሁለት እግሩም ይንሸራተታል። ውኃው ከታች ከወንዙ ነው፤ አውድማው ከላይ ነው። ወታደር ከመሆኑ በፊት የሚያውቀው ሙያ እርሻ ብቻ የሆነን ሰው ቀላል ሥራ ይሥራ ማለት፣ ደብተርና ብዕር ይዞ የሚውልበት ወንበር የሚሰጠው ሲኖር ነው። ወንበሩን ያሳየን አልነበረም፤ ጥያቄውን ሳቀርብም «እሱ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚል መልስ አግኝቻለሁ። መልሱ እውነት ነው፤ የእነሱ ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ወንድሜ «ሠራዊቱ አትችልም ብሎ አሰናበተኝ፤ ጡረታው ደግሞ ትችላለህ ብሎ መለሰኝ፤ እኔ የትኛውን ልመን፣ ጋሼ?» ሲለኝ አብሬው ተናድጄ ነበር። አዋጁን ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ ግን ሁለቱ በሕግ ዓይን እንደማይጋጩ ተረድቻለሁ። ለውትድርና ብቁ አለመሆንና ለማንኛውም ሥራ ብቁ አለመሆን የተለያዩ ናቸው። ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማንም ለተጎጂው በጊዜው አለማስረዳቱ ነው፤ አስቀድሞ ቢነገረን ኖሮ ከቦርዱ ፊት ስንቀርብ የሚጠየቀውንና መመዝገብ ያለበትን አውቀን እንቀርብ ነበር። ወንድሜ ቦርዱ ፊት እንደ ወታደር ደረቱን ነፍቶ፣ «ደኅና ነኝ፣ ምንም አልል» እያለ ነው የቀረበው። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው ነው፤ ሕመሙን ለባዕድ መዘርዘር ነውር ይመስለዋል። ኩራቱ 35 በመቶ ሆኖ ተመዘገበለት።

ወደ ማስረጃው ልመለስ፤ ዋናው ድካም እዚያ ነውና። ጉዳቱ በግዳጅ ላይ እንደደረሰ የሚገልጽ የክፍሉ ደብዳቤ፣ የታከመበት ሆስፒታል የሕክምና ማስረጃ፣ የቦርድ ውሳኔ፣ የመሰናበቻ ወረቀት፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ወር በፊት ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚያረጋግጥ ማስረጃ፣ ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ፣ ሸኚ ደብዳቤ ተጠየቅን። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱም ከመንግሥት እጅ ውጭ የተዘጋጀ አይደለም። ሁሉንም የሚያውቀው መንግሥት ነው፤ ሁሉንም እንዲያመጣ የታዘዘው ወንድሜ ነው። ክፍሉ ከነበረበት ተንቀሳቅሷል፤ የሚፈርመው አዛዥ ተቀይሯል፤ ሆስፒታሉ ሌላ ከተማ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 በጦርነቱ ውስጥ ስላለፉና ብዙ መሥሪያ ቤት ስለተዘረፈ በአካባቢው የነበረው ግልባጭም የት እንደደረሰ የሚያውቅ አልተገኘም።

ወረቀቱ ተሟልቶ ከቀረበ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። የመጀመሪያው ምክንያት የክፍሉ ደብዳቤና የሆስፒታሉ ማስረጃ የዘጠኝ ቀን ልዩነት ማሳየታቸው ነው። ክፍሉ የጻፈው የቆሰለበትን ቀን ነው፤ ሆስፒታሉ የጻፈው የተቀበለውን ቀን ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ በመኪና ጭነትና በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ያለፈ መሆኑን ማንም የሚረዳው ይመስለኛል፤ ሆኖም ማስተካከያ ደብዳቤ አምጡ ተባለ፤ እሱን ለማግኘት አራት ወር ፈጀ። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የአያታችን ስም በአንዱ ወረቀት በእሳቱ «ሰ»፣ በሌላው በንጉሡ «ሠ» መጻፉ ነው። አማርኛ አስተማሪ ነኝና ስለ ሁለቱ ፊደላት መቀራረብ ለኃላፊው ጥቂት ማብራሪያ ለመስጠት ሞክሬ ነበር። ሰውየው ፈገግ ብለው «መምህር፣ እኔም ገብቶኛል፤ ኦዲተሩ ግን አይገባውም» አሉኝ። ለዚህች ፊደል ከቀበሌ የስም ማረጋገጫ፣ ከፍርድ ቤት ደግሞ ሦስት ምስክር የተሰማበት ውሳኔ አቅርበናል። ምስክሮቹን ከአምባሰል አምጥቶ፣ አሳድሮና አብልቶ የመለሰው ተጎጂው ነው።

የሕንፃውን ነገር በአጭሩ ላንሳ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ያዝዛል። የአካል ጉዳት ማመልከቻ የሚቀበለው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። በክረምት፣ የደሴ ጉም ደረጃው ድረስ ገብቶ ሲሚንቶውን ሲያረጥበው፣ በክራንች የሚወጣ ሰው ከኋላው የሚደግፈው ያስፈልገዋል። አንድ ቀን ጥበቃው እንዳዘነልን በሚያሳይ ድምፅ «እኔ ፋይሉን ላውርድላችሁ?» ብሎ ጠይቆናል። በሁለት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ፋይሉ ወደ ሰውየው ይምጣ የሚል ሐሳብ ያቀረበው ያ ጥበቃ ብቻ ነው። አልተፈቀደለትም።

በዚያው ፎቅ ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ግን ከቢሮው ይልቅ አስተምሮኛል። በአንድ ጠዋት ከወንድሜ በቀኝ ከ1990 እስከ 1992 በተካሄደው የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት የቆሰሉ ጎልማሳ፣ በግራ ደግሞ በ1983 የተበተነው የቀድሞ ሠራዊት አባል የነበሩ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው የወንድሜን ጉልበት መታ መታ እያደረጉ «አብሽር፣ ልጄ፤ እኔ እዚህ መምጣት ስጀምር አንተ አልተወለድክም» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ኋላ ሳስበው ያሳቀን ነገር ምን እንደነበር አላውቅም። ያ የቀድሞ ሠራዊት ሲበተን ለአባላቱና ለአካል ጉዳተኛ ተዋጊዎች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም በ2015 ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል። ከጦርነት ማግሥት ኮሚሽን ማቋቋም ልምዳችን ሆኗል። ኮሚሽን የሚያልፍ ነው፤ የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ግን ነዋሪ ነውና ትኩረት ተሰጥቶት ቢሻሻል የሚሻለው እሱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ መካከል ያለ ማመንታት የማመሰግነው አገልግሎት አለ፤ እሱም የሰው ሠራሽ እግር የተሠራለት የደሴው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ነው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በኢትዮጵያ ለዓመታት ከደገፋቸው ማዕከላት አንዱ ነው። ልኬቱን ወሰዱ፤ አስለመዱት፤ ያቆሰለውን ቦታ አርመው እንደገና ሠሩለት። ስሙ በየትኛው «ሰ» እንደሚጻፍ ሳይጠይቁ አስተናገዱት። ሰው ሠራሽ እግር ግን ዕድሜ ልክ አያገለግልም፤ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ወይም መቀየር አለበት። የዳረጎቱ ስሌት ይህን ወጪ አያውቀውም፤ የመንገዱን ወጪም አያውቀውም። ደመወዙም ጉዳቱ ከደረሰበት ወር በፊት በነበረው መጠን የቆመ ስለሆነ፣ ክፍያው በዘገየ ቁጥር ብሩ በገበያ ላይ እየቀለለ ይሄዳል። የሐምሌ 2013 ደመወዝ ዛሬ በሐይቅ ገበያ ስንት ጣሳ ጤፍ እንደሚገዛ ወሎ ያለ አንባቢ ያውቀዋል።

የጆሮውን ጉዳይ ሆን ብዬ አቆይቼዋለሁ። በዚያው ፍንዳታ የወንድሜ የግራ ጆሮ መስማት አቁሟል። ቦርዱ እግሩን ብቻ ነው የመዘነው፤ እግሩ የሚታይ ስለሆነ ማንም ወደ ጆሮው አልተመለከተም፤ እሱም እንደ ልማዱ አልተናገረም። ይህን ያወቅነው ደረጃ ላይ ስሙ ሲጠራ ሦስት ጊዜ ባለመስማቱ ተራው ካለፈ በኋላ ነው። የድጋሚ ምርመራ ማመልከቻ አስገባን። የድጋሚ ቦርዱን በተመለከተ ያለኝ አስተያየት ጥሩ ነው፤ የመስማት ምርመራው በአግባቡ ተደርጎ የጉዳቱ መጠን 45 በመቶ ሆኗል። ቀድሞ ባነሳሁት የምሳሌ ደመወዝ ይህ 44,415 ብር ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው በ9,870 ብር ይበልጣል። ልዩነቱን ለማግኘት ያወጣነው ወጪ ከዚህ ብዙም አያንስም፤ ቢሆንም መቶኛው በወረቀት ላይ መስተካከሉ ለኋላው ይግባኝ ጠቅሞናል።

የሚሊሻውን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ያገሬ ሰው ይታዘበኛል። ከጎረቤታችን አንዱ በዚያው ዘመን በአካባቢው ሚሊሻነት ተሰልፎ እጁን አጥቷል። ወንድሜ ቢያንስ የሚከራከርበት ቀመር አለው፤ ቀመሩ የሚጀምረው ከወር ደመወዝ ነውና መደበኛ ደመወዝ ያልነበረው ሰው ወደየትኛውም በር አይደርስም። ከእሱ ጋር ሻይ ስጠጣ ስለ መቶኛ ማውራት ያሳፍረኛል።

ለሚሄድ ሰው የምመክረው ጥቂት ነው። ቦርድ ፊት ከመቅረብ በፊት ከራስ እስከ እግር የሚሰማውን ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፤ የማይታየውን ጉዳት፣ ጆሮውን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ በአካል ውስጥ የቀረውን ፍንጣሪ አይተው። የቦርዱ ውሳኔ «ቀላል ሥራ» የሚል ቃል ካለበት ወረቀቱን ተቀብሎ ከመሄድ በፊት ምን ዓይነት ሥራ ማለታቸው እንደሆነ ይጠይቅ። ማናቸውንም ዋና ወረቀት ከማስረከቡ በፊት ኮፒ ያድርግ፤ ሲያስረክብም የገቢ ቁጥርና ቀን በእጁ ላይ በሚቀረው ግልባጭ ላይ ያስጽፍ፤ የገቢ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ስሙ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል መጻፉን ከመጀመሪያው ቀን ያረጋግጥ። የውሳኔ ደብዳቤ የደረሰበትን ቀን ማስታወሱ ደግሞ ለይግባኙ ወሳኝ ነው። «ሲስተም የለም» የሚባለው በብዛት ሰኞ ጠዋት ስለሆነ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ማክሰኞ ቢመጣ ይሻለዋል።

የተስተካከለው ዳረጎት ባለፈው መጋቢት በባንክ ሒሳቡ ገብቶለታል። ወንድሜ ከገንዘቡ ሁለት በግና አንድ ጥጃ ገዝቷል፤ የቀረውን ለምስክሮቹ ማመላለሻ ተበድረን ለነበረው ሰው መልሰናል። ከዳረጎት ወደ ጡረታ አበል እንዲለወጥለት ያቀረብነው ቅሬታ ግን ገና አልተወሰነም። «ቀላል ሥራ» የሚለው ቃል በእርሻ ለሚተዳደር ሰው እንዴት ሊተረጎም እንደሚገባ የሚያስረዳ አምስት ገጽ ማመልከቻ ጽፌ ለይግባኝ ሰሚው ልከናል፤ አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመጨረሻው ቀጠሮ የተነገረን መዝገቡ ከደሴው ቅርንጫፍ እስካሁን እንዳልተላከ ነው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ወንድሜ ራሱ የመዝገቡን ግልባጭ ከሦስተኛው ፎቅ አውጥቶ ይዞ እንዲቀርብ ታዟል።